ያበጠው ጎማ

ይስሐቅ የጎማውን እብጠት በአውራ ጣቱ ተጫነው። እንቁላል የሚያክለው እብጠት ለስላሳ ነበር፤ ጫፉ ላይ ተሰንጥቆ የውስጡ ክር ይታያል። እንዲህ ያለ ጎማ የሚሄዱበት ከተማ ይርጋለም ሳይደርስ ሊፈነዳ እንደሚችል ለማወቅ ጎሚስታ መሆን አያስፈልግም። እሑድ ስለሆነ ጎሚስታ ቤቶቹ ተዘግተዋል፤ ቀድሞ ተቀይሮ የተገጠመው ትርፍ ጎማም ራሱ ይኸው ነበር።

መኪናው ውስጥ ሦስት ሽማግሌዎች ከረባታቸውን አስረው ተቀምጠዋል። ይርጋለም ያለችውን የሚወዳትን ልጅ ለይስሐቅ ሊጠይቁለት ነው። አባቷ ከቀትር በኋላ ለሚመጣ ሽማግሌ በራቸውን እንደማይከፍቱ አስቀድመው ቃል ልከዋል።

«የምታገባው ጎማውን ነው ልጅቷን?» አሉ ጋሽ ዳንጊሶ በመስኮት ብቅ ብለው። ሌሎቹ ሳቁ።

«ጋሼ፣ አያስተማምንም።»

«ጌታ ያስተማምናል። ጸልየን እንሄዳለን።»

ሦስቱም ወርደው እጃቸውን ጎማው ላይ ጫኑ። ይስሐቅ በመሃላቸው እንደተንበረከከ ቀረ። እምቢ ቢል፣ አባቱ ከሞቱ ወዲህ እንደ አባት የቆሙለትን ሰው በሰው ፊት ማሳፈር ሆነበት። እሺ እንዳይል ደግሞ የጋሽ ዳንጊሶ ያረጁ ጣቶች እብጠቱ ላይ አርፈው አያቸው።

ጸሎቱ ረዘመ፤ ድምፃቸውም ከፍ አለ። ይስሐቅ ቀስ ብሎ የጎማውን አየር መሙያ ክዳን ፈታና የመኪናውን ቁልፍ ጫፍ አስገብቶ ተጫነ። የሚወጣውን አየር ፉጨት ጸሎቱ ዋጠው።

«አሜን» ብለው ዓይናቸውን ሲገልጡ ጎማው መሬት ላይ ተኝቷል። ጋሽ ዳንጊሶ ጎማውን አዩ፤ ቀጥሎ ይስሐቅ በእጁ የያዘውን ቁልፍ አዩ።

«ዛሬ ቀርተን አባቷ ቢከለክሉህስ?» አሉት በዝግታ።

«እርስዎ ካሉልኝ፣ እርስዎኑ መልሼ እልካለሁ፣ ጋሼ።»