ደህናው እግር

በማሟሟቂያው ላይ አምበሏ ኳሷን አስገብታ ስታርፍ በግራ እግሯ ብቻ አረፈች። ቀኙን ቆይታ ነው መሬት ያስነካችው፤ ያውም ውሃው ይፋጅ እንደሆነ እንደሚሞክር ሰው በጣቷ ጫፍ።

አሰልጣኟ ከሜዳው ዳር ወንበር ላይ ሆና አየቻት። መጀመሪያ አስተራረፏን፣ ቀጥሎ ካልሲዋን። የግራው ካልሲ በፕላስተር ጥቅል ተወጥሮ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ጉብ ብሏል። የቀኙ ልሙጥ ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት ወለም ያላት ግን ቀኙ ነበር።

«አምላኬ» አለች በለሆሳስ።

ሃያ ሰባት ዓመት የኮሌጁን የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን ስታሰለጥን የልጆቿን እግር ለሌላ ሰው አስነክታ አታውቅም። ከጨዋታ በፊት መልበሻ ክፍል ውስጥ አንዲት በርጩማ ላይ ትቀመጣለች፤ በተራ ይመጣሉ፤ እግራቸውን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ትጠቀልላለች። ያን ጊዜ ወሬ የለም። ዝምታውን ያመጣችው ለጸሎት ብላ ነበር፤ በእያንዳንዷ እግር ላይ በሆዷ «ይቺንም አደራህን» ትላለች። ከጊዜ ብዛት ዝምታው ሕግ ሆነና፣ አዲስ ልጅ በመጣች ቁጥር ነባሮቹ «እግርሽ ኮች እጅ ላይ እያለ ትንፍሽ እንዳትይ» ብለው ያስጠነቅቋታል። የትኛው እግር እንደሆነ እንኳ የሚናገር የለም። ኮች ታውቃለች።

ዛሬ ደክሟታል። የአምስት ሰዓት መንገድ በአውቶቡስ ስትናጥ ነው የመጣችው፤ ድካሙ ግን የመንገዱ ብቻ አይደለም፣ የዘንድሮም ብቻ አይደለም። ፊት ለፊቷ የተቀመጠች ልጅ ቀኝ እግር በእሷ ግራ በኩል እንደሚውል አጥታው አይደለም። ቅድም መልበሻ ክፍል እጇ ነው ዝም ብሎ በራሱ ቀኝ ያለውን እግር የሳበው። አምበሏም ሰጠች።

«ሽቦ! ነይ ወዲህ።»

አምበሏን ሽቦ የሚሏት ለቅጥነቷ ነው። እየሮጠች መጣች፤ ሩጫዋ ግን ግማሽ ነው።

«ቁጭ በይ። ሐኪሙ ምን ነበር ያለሽ?»

«ሳይጠቀለል እንዳትጫወቺ ነው ያለኝ።»

«ታዲያ?»

ልጅቷ ጫማዋን አየች። «ተጠቅልሏል እኮ፣ ኮች።»

«ደህናው ነዋ የተጠቀለለው! አፍ የለሽም?»

«ሲጠቀልሉ አይወራም።»

«ከዚያስ በኋላ?»

«ከዚያማ ልጆቹ ሁሉ ነበሩ። በእነሱ ፊት እንዴት ብዬ ልንገርዎት?» ላቧን በክንዷ ጠረገች። «ደግሞ ያን ያህል አያመኝም።»

«ውሸታም።»

«ትንሽ ያመኛል።»

አሰልጣኟ ዘወር ስትል ምክትሏ የኳሶቹን መረብ አቅፋ ቆማለች። እሷም ድሮ እዚያች በርጩማ ፊት እግሯን የዘረጋች ልጅ ነበረች፤ አሁን የሁለት ልጆች እናት ናት።

«አንቺስ? አላየሽም?»

«አይቻለሁ።»

«አይተሽ ዝም?»

«ሆን ብለው መስሎኝ። እርስዎ የሚያውቁት ነገር ይኖራል፣ ግራውም ላይ አንዳች ነገር አይተውበት ይሆናል ብዬ…» ድምጿ እያነሰ ሄደ። «እርስዎ ይሳሳታሉ ብዬ አስቤ አላውቅማ።»

አሰልጣኟ ብትሰደብ ይሻላት ነበር። ለስድብ መልስ አታጣም፤ ከዳኛ ጋር ስትሟገት የኖረች ሴት ናት። «ሜዳ ላይ ተጯጯሁ፣ ዝም ያለ ቡድን የተሸነፈ ቡድን ነው» እያለች ድምጿ እስኪዘጋ ስትጮህባቸው ኖራለች። እነሱም ሰምተዋታል፤ ሜዳ ላይ ይጯጯሃሉ።

ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ጨዋታው ሊጀመር ሰባት ደቂቃ ቀርቷል ይላል።

የፕላስተሩን ጥቅል ከኪሷ አወጣች። ጫፉን ለማግኘት ዙሪያውን በጥፍሯ ፋቀች፤ አዙራ እንደገና ፋቀች። ጣቶቿ ዘንድሮ ጠዋት ጠዋት ሙቅ ውሃ ካላዩ አይታጠፉም። ሽቦ አይታ እንዳላየች ሆነች።

«እንኪ» አለች ለምክትሏ። «አንቺ ጠቅልዪላት።»

«እኔ? ኮች፣ እኔ እኮ ለሰው ጠቅልዬ አላውቅም።»

«ስንት ዓመት ተጠቅልሎልሻል! እግርሽን ጠይቂው፣ ይነግርሻል።»

«ባጠብቅባትስ?»

«ትጮሃለች። ሰማሽ ሽቦ? እግዜር አፍ የሰጠሽ ማስቲካ እንድታኝኪበት ብቻ አይደለም።»

ልጅቷ በፍርሃት ፈገግ አለችና ማስቲካዋን ዋጠች።

ምክትሏ ኳሶቹን ጥላ ተንበረከከች። አሰልጣኟም ጉልበቷ እየጮኸ ከጎኗ ተንበረከከች፤ ደህናውን እግር ጭኗ ላይ አስቀመጠችና ቅድም ራሷ ያሰረችውን መላጥ ጀመረች። በከንቱ የታሰረ እግር አይሮጥም። አንዷ ትጠቀልላለች፣ አንዷ ትፈታለች።

«ጠበቀ» አለች ሽቦ።

«የቱ?» አሉ ሁለቱም እኩል።

«የእሷ።»

ምክትሏ ፈታ አድርጋ እንደገና አዞረችው። መጀመሪያ ላይ ፕላስተሩ ይጣመምባት ነበር፤ ተረከዙን ካለፈች በኋላ ግን ቀጥ አለ። አሰልጣኟ ከልማድ ከንፈሯን አንቀሳቀሰች። «ይቺንም» ካለች በኋላ የሚቀጥለው ጠፋባት፤ እዚያው ላይ ተወችው።

ምክትሏ ቀድማ ጨረሰች።

ፊሽካው ሲነፋ አሰልጣኟ የመጨረሻዋን ቁራጭ ቆዳዋን እንዳያማት ቀስ ብላ እያነሳች ነበር። ልጅቷ ለመነሳት እጇን በአሰልጣኟ ትከሻ ላይ አሳረፈች። ለይሉኝታ ብላ አልቀለለችም፤ ሙሉ ክብደቷን ነው የጣለችው። አሰልጣኟ በሁለት እጇ ወለሉን ይዛ፣ ልጅቷ በሁለት እግሯ እስክትቆም ድረስ አልተነቃነቀችም።