ያልተቆጠረው ምስክር

አባ ሸረፈዲን የልጃቸው ስም በደሴ ፍርድ ቤት የመዝገብ ቤት መስኮት ሲጠራ ጥምጣማቸውን አስተካከሉና ጉሮሯቸውን ጠርገው ወደ ችሎቱ በር አመሩ።

«ወደዚያ አይደለም አባባ፤ ወደዚህ ይምጡ» አለቻቸው የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ፀሐይነሽ። አንድ ወረቀት በመስኮቱ አሾልካ ሰጠቻቸው። «ውሳኔው ነው።»

«የምን ውሳኔ? ገና መች ቆሜ ተናገርኩና!»

ማንበብ እንደማይችሉ ሲገባት ወረቀቱን መልሳ ተቀብላ ቀስ ብላ አነበበችላቸው። ይግባኝ ሰሚው ችሎት መዝገቡን መርምሯል። ይግባኝ ባዩንም ሆነ ወኪሉን መጥራት አላስፈለገውም። በጀላል ሸረፈዲን ላይ የተፈረደው የስምንት ዓመት እስራት ጸንቷል። መዝገቡ ተዘግቷል። ኢትዮጵያ ትቅደም።

«ታዲያ ማን ተናገረ?»

«ማንም አልተናገረም። ዳኞቹ ጽሑፉን አንብበው ነው የወሰኑት።»

በአገራቸው በገራዶ ነገር የከበደው ሰው ሁሉ ተሟጋች አድርጎ የሚያቆመው አባ ሸረፈዲንን ነው። ዘንጋቸውን ተደግፈው አፋቸውን ሲከፍቱ ባላጋራቸው እንኳ ሳይወድ ጆሮውን ይሰጣል። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ይኮሩበትም ነበር። ምስክር የሚቆጠረው፣ በስም የሚጠራው፣ ዳኛ ፊት ነው፤ ስሙን አስቀድሞ ያወጣ ምስክሩን ለባላጋራው አስረከበ ማለት ነው ይላሉ። በዚህ ደንብ ተሟግተው ተረትተው አያውቁም።

ጀላል የታሰረው የገበሬ ማኅበሩን ጎተራ ሰብረሃል ተብሎ ነው። ጎተራው በተሰበረበት ሌሊት ግን ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ በሚወርድ የጭነት መኪና ላይ ተሳፍሮ ነበር። የሾፌሩን ስም አያውቅም፤ የሚያውቀው አውራ ጣት እንደሌለው ብቻ ነው። የፈረዱበት ዳኞች አላመኑትም። አባትየው ግን አምስት ወር ሙሉ ኮምቦልቻ እየወረዱ፣ መኪና በቆመበት ሁሉ የሾፌር እጅ ሲያዩ ከረሙ። በመጨረሻ አገኙት። ስሙን ለማንም አልተነፈሱም፤ ልጃቸውን ያስከሰሰው የማኅበሩ ሊቀመንበር ከሰማ አስፈራርቶ እንዳይመሰክር ያደርግብኛል ብለው ፈሩ። ጊዜውም ሰው በአንድ ቃል የሚጠፋበት ነበርና አይፈረድባቸውም።

ይግባኙን በታይፕ የመታላቸው ጸሐፊ ደጉ እንኳ ለምኗቸው ነበር። «አባባ፣ በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል፤ ይንገሩኝና ላስገባው።»

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ! አንተ ብቻ ‹ዝርዝሩን ቀርቤ በቃሌ አስረዳለሁ› ብለህ ምታ» አሉት።

ጀላልም ከእስር ቤቱ አጥር ወዲያ ሆኖ «አባዬ፣ ይጻፍ ግድ የለም» ብሏቸዋል። ሙግቱን ለእኔ ተወው ብለውት፣ ስቀውበት ነበር የተለያዩት።

አሁን ግንባራቸውን ወደ መስኮቱ አስጠጉ። «ልጄ፣ አላህ ያክብርሽ፣ አንዴ ብቻ ቆሜ ልናገር። ወላሂ ሰው አለኝ። ዛሬ ይዤው ነው ከኮምቦልቻ የመጣሁ።»

ፀሐይነሽ መዝገቡን ገለጠች። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ እያገላበጠች እስከ መጨረሻው ድረስ ሄደች። «ሰው እንዳለዎት እዚህ የለም አባባ።»

«አዎ፣ የለም።»

«ምነው ሳያስጽፉት?»

 ልጄን ያሳሰርኩት እኔ ነኝ የሚል ሐሳብ እንደ ምች መታቸው። የመስኮቱን ብረት ያዙ።

ፀሐይነሽ ዓይኗን ሰበረች። ደሴ ተወልዳ ያደገች፣ በየቀኑ ስንት የሚያለቅስ ሰው የምታይ ልጅ ናት፤ ይኼኛው ግን ከብዷታል። «ከዚህ በላይ የሚኬድበት የለም። ይቅር ይበሉኝ» አለችና መዝገቡን ከድና በክሩ አሰረችው።

«በሺር ነው ስሙ» አሉ አባ ሸረፈዲን።

እሷ እስክሪብቶ አላነሳችም። እሳቸው ግን ቀጥ ብለው ቆሙ፤ ያ ገራዶ የሚያውቀው ድምፃቸው ተመልሶ ግቢውን ሞላው።

«ምስክሬ በሺር ይባላል!»

ከኋላቸው፣ ከባሕር ዛፉ ሥር ካለው አግዳሚ ላይ፣ ከጠዋት ጀምሮ ተራውን ሲጠብቅ የዋለው ሾፌር ብድግ አለ። አውራ ጣት በሌለው እጁ ኮፍያውን አወለቀ።

«አቤት!» አለ።