ባለቤቱ

አንዲት እናት አሜሪካ፣ ካፒቶል ሂል በተባለ ሰፈር በከፈተችው ምግብ ቤት ቴሌቪዥን ላይ ሁለት የምርጫ ዕጩዎች መጀመሪያ ውጭ አገር ስለሰፈረው ጦር፣ ቀጥሎ ስለ ጋብቻ ይከራከሩ ነበር።

"ልጅሽ ወታደር ሆኖ በሰው አገር በረሃ የሚንገላታው ለዚህ ነው?" አሉ ደንበኛዋ ጋሽ አበጀ፣ እንደጎረሱ። "ወንድ ወንድ እንዲያገባ? ይህንን ጉድ ይሻሩልን!"

ሪሞቱን አንስታ ቴሌቪዥኑን ድርግም አደረገችው።

"ጋሼ፣ ትናንት ካምፑ ሲመታ ጦሩ የደወለው ለእኔ አይደለም። ልጄ መትረፉን እያለቀሰ የነገረኝ ባለቤቱ ነው።"

"'እያለቀሰች ... ባለቤቱ ናት' በይ እንጂ!" ሳቁ። "አማርኛም ጠፋብሽ?"

ልጇ ካገባ ጀምሮ ስለ ባለቤቱ ለጠየቃት ሁሉ "ናት" ስትል የኖረችው ራሷ ነበረች። ሪሞቱን ከትሪያቸው አጠገብ ጓ አድርጋ አስቀመጠችው።

"አልጠፋብኝም፣ ጋሼ። 'ናት' አይደለም፣ 'ነው'!"