ያደረው እንግዳ

እንግዳ ማለት ከውጭ መጥቶ፣ የቀረበለትን በልቶ፣ የተነጠፈለት ላይ ተኝቶ፣ ሲነጋ የሚሄድ ሰው ነው። የቤቱ ዕቃ የት እንደሚቀመጥ አያውቅም፤ ባለማወቁም ማንም አይወቅሰውም።

መሐንዲሱ ይህን ሁሉ ለማሽን ማስረዳት ነበረበት። ማሽን ደግሞ ቁም ነገር አይገባውም፤ የሚገባው ብዛት ነው። ስለዚህ አሳጠረለት። ሳሎን ውስጥ ፊቱ አዘውትሮ የሚታይ የቤት ሰው ነው፤ አልፎ አልፎ ብቅ የሚል እንግዳ ነው። ስም የሚነግረው የለም። ራሱ አይቶ ራሱ ይለያል። የፈጠራው ኩራት እዚህ ላይ ነበር።

የክብሪት ሣጥን የምታክለውን የማሽኑን ዓይን ሳሎኑ ግድግዳ ላይ የገጠመው የሥራ ባልደረባው ነው። ባልደረባውን ሁሉም ሸበላው ይሉታል፤ ምክንያቱን ለማወቅ አንዴ ማየት ይበቃል።

"ፎቶ ያነሣል?" አለች የመሐንዲሱ ሚስት።

"አያነሣም። ቆጥሮ ለስልኬ ይነግራል፣ በቃ።"

"ካነሣ በመጥረጊያው እንጨት ነው የማወርደው።"

ሸበላው ሳቀ። እሷም ሳቀች። መሐንዲሱ የወደቀ ብሎን እየፈለገ ስለነበር አልሳቀም።

ሳምንት ሲሞላው ማሽኑ የመጀመሪያውን መልእክት ላከ፦ "የዚህ ቤት ሰዎች ሦስት ናቸው።" መሐንዲሱ ወርክሾፑ ውስጥ ሆኖ አነበበው። ሚስቱ፣ ልጁ፣ እሱ። ማሽኑ ማንም ሳያስጠናው ቤተሰቡን ዐወቀ። ገዢዎች ሊያዩት ቀጠሮ ይዘዋል፤ የዓመታት ልፋቱ ፍሬ ሊያፈራ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ሌላ መልእክት መጣ፦ "ትናንት ማታ አንድ እንግዳ አድሯል።"

መሐንዲሱ ደጋግሞ አነበበው። ትናንት ማታ እዚያው ቤት ነው የተኛው። ማንንም አላየም።

በማግስቱም ያው። ከዚያም በኋላ ያው። ማሽኑ ውሸታም ከሆነ ሥራው ገደል ገባ፤ እውነተኛ ከሆነ ትዳሩ።

እንቅልፍ በዓይኑ አልዞር አለ። ወደ ሥራ ከመሄዱ በፊት አልጋ ሥር አየ፣ ዕቃ ቤቱን አየ፣ ቁም ሣጥኑን ከፈተ።

"ምን ጠፋብህ?" አለችው ሚስቱ።

"ብሎን።"

"ቁም ሣጥን ውስጥ?"

"ይንከባለላል እኮ።"

ልጁ ያሳደገችው ውሻ እንኳ ሲመሽ መጮህ አብዝቷል። አንድ ነገር ቢሸተው ነው፣ አለ መሐንዲሱ በልቡ።

አንድ ቀን ውኃ ሊጠጣ ወጥ ቤት ገብቶ ብርጭቆ ቢፈልግ አጣ።

"አባዬ፣ ብርጭቆ እዚያ መቀመጥ ከተወ ቆየ" አለችው ልጁ። "ሸበላው መደርደሪያውን ሲያስተካክልልን ጊዜ ወደዚህ አዞርነው።"

"መቼ ነው ያስተካከለው?"

"ዓይኑን የገጠመ ቀን። አንተም ነበርክ እኮ።"

ነበር። ግን መደርደሪያውን አላስታወሰም።

የገዢዎቹ ቀጠሮ ሲቃረብ ከሸበላው ጋር እየሠሩ ወርክሾፕ አደሩ። ጠዋት ስልኩ እንዲህ አለ፦ "ትናንት ማታ እንግዳ አላደረም።"

መሐንዲሱ ቀና ብሎ ሸበላውን አየው። ሸበላው ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ያንኮራፋል። ተኝቶ እንኳ መልከ መልካም ነው። ነገሩ ግልጥ ሆነ፤ ሸበላው እዚህ ሲያድር እዚያ የሚያድር የለም።

መሐንዲሱ ስልኩን አነሣ። ማሽኑ ነገር እንዳያሳድር፣ ሰው በገባና በወጣ ቁጥር ወዲያው እንዲያስታውቀው አደረገ። ይህን ጨርሶ ቀና ሲል ሸበላው ጃኬቱን ለብሷል።

"ትንሽ ጉዳይ አለችኝ፣ ከሰዓት እመለሳለሁ።"

"እሺ፣ ቀስ ብለህ" አለ መሐንዲሱ። እሱ ግን ቀስ አላለም። በሌላኛው መንገድ ወደ ቤቱ ገሰገሰ፤ በየመንገዱ ስልኩን ያያል፣ ስልኩ ዝም። ግቢ ሲደርስ ውሻው ዘሎ ጮኸ። በሩን በርግዶ ገባ። ስልኩ ኪሱ ውስጥ ተንቀጠቀጠ።

"አሁን ቤት ውስጥ ሦስት የቤት ሰዎችና አንድ እንግዳ አሉ።"

"የት ነው ያለው?" አለ ቁና ቁና እየተነፈሰ።

"ማን?" አለች ሚስቱ። ሶፋው ላይ ከልጇና ከጎረቤታቸው ከልብስ ሰፊዋ ጋር ተደርድረው መጋረጃ ይዘመዝማሉ።

"ማሽኑ እንግዳ አለ ይላል።" ጓዳውን አየ፤ ባዶ ነው። መኝታ ቤቱን አየ፤ ባዶ ነው። ተመልሶ መጣና በጣቱ ቆጠረ። እሱ፣ ሚስቱ፣ ልጁ። ጣቱ ሰፊዋ ላይ ሲደርስ ቆመ።

"እርስዎ… እዚህ አድረው ያውቃሉ?"

"እዚሁ ስሰፋ ነው የምውለው፤ አንዳንዴ ሲመሽብኝ ልጅቷ ጋ ጋደም እላለሁ" አለች ሰፊዋ መርፌዋን እንደያዘች። "ምነው ኢንጂነር፣ ኪራይ አለው?"

መሐንዲሱ ሳቀ። ከብዙ ቀን በኋላ ደረቱ ተከፈተ። ማሽኑም ሚስቱም እውነተኞች ናቸው። ሸበላውን ምሳ እጋብዘዋለሁ፣ ሲል ወሰነ።

"አንተ ግን በዚህ ሰዓት ምን እግር ጣለህ?" አለች ሚስቱ።

"እንዲሁ ናፍቃችሁኝ።"

እናትና ልጅ ተያዩ።

ሰፊዋ መቀሷንና ክሮቿን ሰብስባ ተነሣች። "እኔ እንግዲህ ልሂድ። ይቀመጡ ኢንጂነር፣ ቤትዎ ነው፣ ይጫወቱ" ብላ እየሳቀች ወጣች። በሩ ከኋላዋ ተዘጋ። መሐንዲሱ በለቀቀችው ቦታ ላይ ዘፍ አለ።

ስልኩ እጁ ላይ ተንቀጠቀጠ።

"አሁን ቤት ውስጥ ሁለት የቤት ሰዎችና አንድ እንግዳ አሉ።"