ጠቆር ያለው ቀይ

አሥራ ስምንት ማዞሪያ ሰፈር ፀጉር የምትሠራው ጓደኛዋ ያዋሰቻትን ሁለት የጉንጭ ቀለም መስተዋቱ ሥር አስቀመጠች። መጀመሪያ ፈካ ያለውን ሮዝ ሞከረች። ጠይም ፊቷ ላይ አመድ የነሰነሱባት አስመሰላት፤ ይባስ ብሎ ትናንት በጥፍሯ የነጨችውን ጉንጯን አጉልቶ አወጣው። በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። የቀበሌው ስብሰባ በሦስት ሰዓት ይጀመራል፤ መቅረት አይቻልም። ሊቀመንበሩ የወንድሟን መገደል ለእሷና ለእናቷ ሲነግራቸው "ለአብዮቱ ጠላት አይለቀስም" ብሏል። የተነጨ ፊት ይዛ ከገባች ማልቀሷን ራሷ መሰከረች ማለት ነው።

ሁለተኛው የሸክላ መልክ ያለው፣ ጠቆር ያለ ቀይ ነበር። በጣቷ ዛቅ አድርጋ ከጉንጯ አጥንት ወደ ጆሮዋ እየሳበች ቀባችው። ቁስሉን ሲነካው አንገበገባት፤ ጥርሷን ነክሳ ደገመችው። ከቆዳዋ ጋር ገጠመ። ጭረቱ ጠፋ፤ መስተዋቱ ውስጥ ሠርግ የተጠራች ሴት ቀረች። "ፊት ወንበር ላይ ነው የምቀመጠው" አለች ለራሷ።

በሩን ከፍታ እናቷ ገባች። ትናንት መርዶውን ስትሰማ አንዲት ዘለላ እንባ አላፈሰሰችም፤ ልጅቱም በሆዷ ታዝባት ነበር። እናት በሩን ዘጋች፤ በዕድሜዋ ኩል እንኳ ተኩላ የማታውቅ ሴት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና እስከ ዓይኖቿ የተከናነበችውን ነጠላ ገለጠች። ሁለቱም ጉንጮቿ ተነጭተዋል።

"እኔ ካንቺ እጠቁራለሁ" አለች፤ "ደመቅ አድርገሽ ቀቢኝ።"