ርዕስ የሌለው መስመር

የሟች ትዝታ በዳታቤዝ መቀመጥ ከጀመረ ወዲህ መዝገቡን የምታስተዳድረው ዘርፈሽዋል ናት። ለኮምፒውተሩ ትዕዛዝ ስትሰጥ ከሟች ትዝታ የሚዘረገፈውን ጽሑፍ ለቅሞ፣ የሰውን ስም፣ ዕድሜና ዝምድና በየርዕሱ ለይቶ የሚያስቀምጠውን የኮምፒውተር መመሪያ፣ ስክሪፕቱን፣ የጻፈችው እሷ ነች። ርዕስ የሌለው መስመር ሁሉ ቆሻሻ ነው ብላ እንዲሰረዝ ያደረገችውም እሷው።

የእናቷ አርባ ወጥቶ ሰው ሲበተን በእናቷ ድምፅ የሚያናግረውን መዝገብ ከፈተች።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ።»

«ዘርፈሽዋል አበጋዝ፤ አርባ ሁለት ዓመት፤ ልጅ» አለቻት እናቷ፣ በዚያው በሚሞቅ ድምጿ።

«እንደሱ አትጥሪኝ። በቤት ስሜ ጥሪኝ እንጂ።»

«ዘርፈሽዋል አበጋዝ» አለች እናቷ ደግማ። ስክሪፕቱ ለቤት ስም ርዕስ አልነበረውም። በዚያ ስም የሚጠራት ደግሞ ከእናቷ በቀር ማንም አልነበረም።

ዘርፈሽዋል እንባዋ እየቀደማት «ድምቡሼ በይኝ» አለች።

«ድምቡሼ ማን ናት?» አለች እናቷ።