የሸሚዙ የላይኛው ቁልፍ

ችሎት ሊገቡ ጥቂት ደቂቃ ሲቀራቸው፣ ዝነኛው ጠበቃ የተከሳሿን ሸሚዝ የላይኛውን ቁልፍ መቆለፍ ጀመረ። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ለደንበኞቹ ሁሉ እንዲህ ሲያደርግ ኖሯል። "አድርገኸዋል ወይ?" ብሎ ግን አንዱንም ጠይቆ አያውቅም፤ እውነቱን ከሰማ አንደበቱ ይተሳሰርበታል። በዚህ ዘዴው ብዙ ተከሳሽ በነጻ አስለቅቋል፤ አንዳንዶቹ ፍርዱን ሲሰሙ ከዐቃቤ ሕጉ በላይ ደንግጠዋል።

የዛሬዋ ተከሳሽ ልጁ ነበረች። ባሏን ገድለሻል ተብላለች።

"አባዬ፣ አትጠይቀኝም?"

"ደንበኛ አልጠይቅም፣ የኔ እናት።"

"ልጅ ሆኜ ብርጭቆ ሲሰበር እንኳ ትጠይቀኝ ነበር። አልሰበርኩም ስልህ ታምነኝ ነበር።"

ፖሊሱ በሩን ከፍቶ፣ "ጋሼ፣ ተጠርታችኋል" አለ።

ጠበቃው ቀና ብሎ አላያትም። ተቆልፎ ያለቀውን ቁልፍ ፈታና እንደ አዲስ መቆለፍ ጀመረ።